የሙሽራ ወንበር

ብቸኛ ሰው ስልኩ ሲጮህ ደስ ይለዋል ይባላል። የትዝታ ይሻው ስልክ ግን ከሰኞ ጀምሮ ሲጮህ ሰንብቶ አንድም ቀን ደስ አላሰኛትም። የሚደውለው ሁሉ የሚፈልገው መኪናዋን ነው እንጂ እሷን አይደለም።

ጥፋቱ የራሷ ነው። አባቷ ጋሽ ይሻው ትተውላት የሞቱትን ብርማ መርቸዲስ ለመሸጥ ስትቆርጥ፣ ፎቶውን ራሷ አንስታ፣ ማስታወቂያውን ራሷ ጽፋ በቴሌግራም የመኪና ገበያ ላይ ለቀቀችው። የአማርኛ አስተማሪ ናትና አጻጻፉን አሳመረችው። «መርቸዲስ የቤት መኪና። በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተነዳች። ሞተሯም ካምቢዮዋም ያልተነካ። ዝናብና ፀሐይ ሳይመታት ሁልጊዜ ጣሪያ ሥር ያደረች። በግራ በኩል ስፖኪዮዋ ላይ ትንሽ ጭረት አለባት። የምትገኘው ደብረ ታቦር። በባለቤቷ የምትሸጥ ስለሆነች ደላላ አይደውል።»

ደላላ አይደውል የሚለውን ያነበበ ደላላ ሁሉ ደወለ። አንዱ «ለእናቴ ነው» አለ። ሌላው «ለራሴ ነው» ካለ በኋላ የሱ ድርሻ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ተቆጣት። «እኅቴ፣ መኪና ሲሸጥ እንዲህ አይጻፍም! ጭረቱን ገዢው ራሱ ፈልጎ ያግኘው እንጂ!»

በደብረ ታቦር ይህችን መኪና የማያውቅ ሰው የለም። በይሻው መርቸዲስ ያልሄደች ሙሽራ ሠርጓ እንደጎደለ ይቆጠር ነበር። እህል ነጋዴው ጋሽ ይሻው በሠርግ ቀን ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፋኖዋን በአበባና በሪባን አስጊጠው መሪውን ራሳቸው ይይዛሉ። ለማንም አሳልፈው አይሰጡም፤ ከማንም ምንም አይቀበሉም። አነዳዳቸው ደግሞ ጉድ ነው። አጃቢው ከኋላ ጡሩምባውን ሲያንባርቀው፣ ሚዜው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ኧረ ምሳው ቀዘቀዘ!» ሲል፣ እሳቸው በእግረኛ እርምጃ እየሄዱ «ሙሽራ የያዘ ሰው አይቸኩልም» ይላሉ።

ሠርጉ ሲያበቃ መኪናዋን ወደ ግቢ መልሰው፣ የኋላ ወንበሯ ላይ የቀረውን የአበባ ቅጠል በጣታቸው ይለቅማሉ። ትዝታ ላግዝዎት ስትላቸው «ተይው፣ ይሄ የኔ ሥራ ነው» ይሏታል። ለቅመው ሲጨርሱም ወዲያው አይወጡም፤ በሩን ዘግተው እዚያው ይቆያሉ። ከተማው «ይሻው ዝና ይወዳል» አለ። ትዝታም ከዚህ የተለየ ሐሳብ አልነበራትም። ግን በየሠርጉ ሆዷ ይባባ ነበር፤ የሰው ልጅ ሁሉ የሚዳርባት መኪና ለማን እንደተገዛች ታውቃለችና።

የተገዛችው ለሷ ነው። ከዓመታት በፊት፣ የምትወደው ሞገስ ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቤተኛ ሆኖ ነበር። ጋሽ ይሻው መኪናዋን ሊያመጡ አዲስ አበባ ሲወርዱም ይዘውት ሄዱ። በመጣች በማግሥቱ ሦስቱም ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ሲመለሱ፣ ከኋላ የተቀመጠው ሞገስ በእጁ ከያዘው ጧፍ አንዲት የሰም ጠብታ አዲሱ ወንበር ላይ ጣለ። ልጁ ደነገጠ፤ ጋሽ ይሻው ግን ሳቁ። ከፊት ወደተቀመጠችው ልጃቸው ዞረውም «የኋላው ወንበር የሙሽርነትሽ ነው። እስከዚያ ከፊት ነሽ» አሏት። ትዝታ ያንን ቃል አክብራ እስከ ዛሬ ከኋላ ተቀምጣ አታውቅም።

ቀለበቱ ሊታሰር ጥቂት ሲቀረው ዘር ተቆጠረ። የሞገስ አባት አክስት፣ ገሳይ የሚኖሩት እማማ ፈንታነሽ፣ ዘር በመቁጠር በአገሩ አቻ የላቸውም። የሁለቱን ወገን አባት ከአያት እያሉ ወደ ላይ ቆጠሩና አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ ገሰሰ ከሚባል አንድ ሰው ላይ ቆሙ። «ዘመዳሞች ናቸው» አሉ። ሰባት ቤት ያልራቀ ዘመድ አይጋባም። ማንም አልጮኸም፤ ማንም ከማንም አልተጣላም። ሞገስ የመስኖ ሥራ አግኝቶ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ። ዘመድ ነህ የተባለ ሰው ለዘመዱ እንዴት ብሎ የፍቅር ደብዳቤ ይጻፍ? እሷስ ማንን ትውቀስ? ሰው ሲሞት ለቅሶ ይቀመጡለታል፤ የትዝታ ኀዘን ግን ለቅሶ እንኳ የማይቀመጡለት ነበር።

አሁን አባቷም የሉም። ተዝካራቸው ከወጣ ወዲህ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ሬድዮ ከፍታ ነው የምትውለው፤ የሰው ድምፅ እንዲሰማት። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አግኝታላታለች። ቤቱን ማከራየት ይቻላል፤ መኪናዋ ግን ለተከራይ አትተውም። እሷ ተሸጣ ከግቢው ከወጣች ትዝታን ደብረ ታቦር ላይ የሚያቆያት ነገር የለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የፈተና ወረቀት ስታርም ከማታውቀው ቁጥር መልእክት ገባ። ዋጋ አይጠይቅም፤ ሞተር አይጠይቅም።

«የኋላ ወንበሯ ላይ የወደቀው ሰም አሁንም አለ?»

ቀይ እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ሲንከባለል ሰማችው፤ አላነሳችውም።

ወደ መኪናዋ ሄዳ የኋላውን በር ከፈተች። ሳትቀመጥ ጎንበስ ብላ ዳሰሰች። የጤፍ እንጀራ ፍርፋሪ የምታህል ጠብታ ናት። ጋሽ ይሻው አበባውን ሁሉ ሲለቅሙ እሷን ግን አልነኳትም ነበር።

«አለ» ብላ መለሰች።

«መኪናዋን እኔ ልግዛት።»

ለምን ፈለግኸኝ ብላ ጻፈችና አጠፋችው። ደህና ነህ ብላ ጻፈችና እሱንም አጠፋችው። በመጨረሻ ማንኛውንም ገዢ እንደምትጠይቀው ጠየቀችው። «ለሥራ ነው ለቤት?»

«ለሠርግ ነው» አለ።

ትዝታ ይህችን ቃል ደጋግማ አነበበቻት። ሞገስ ኮምቦልቻ አግብቶ እንደነበር፣ በኋላም እንደፈታ ወሬው ደርሷታል። እንግዲህ ሁለተኛ ሊያገባ ነው። ያውም በሷ መኪና! ከዓለም መኪና ሁሉ ሌላ አጥቶ! ልቧ ተቆጣ፤ ጣቶቿ ግን ጨዋ ናቸውና «እንኳን ደስ ያለህ» ብለው ጻፉ።

እየጻፈ እንደሆነ የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ፣ ጠፋ። ደግሞ ብቅ አለ፣ ጠፋ። በመጨረሻ የመጣው አጭር ነበር። «በስልክ የሚነገር አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ብቻዬን አልመጣም።»

ብቻውን አይመጣም። ሙሽራዋን ይዞ ሊመጣ ነው፤ ወንበሩን ልታይለት፣ በሩን ከፍታ ልትዘጋለት። ቅዳሜን ሙሉ ትዝታ መኪናዋን ስታጥብና ስትወለውል ዋለች። ለማታውቃት ሴት ብላ ጎማውን ሳይቀር አበራችው። ሰሟ ጋ ስትደርስ ይቺስ ለሷ አትቀርም ብላ ጥፍሯን አሾለች። ግን አልሆነላትም። ለዓመታት የቀራት የሱ ነገር ያቺ ጠብታ ብቻ እንደነበረች ያን ጊዜ ገባትና የመኪናዋን በር ይዛ አለቀሰች።

እሑድ በሩ ሲንኳኳ አዲሱን ቀሚሷን ሳይሆን ለቤት የምትለብሰውን ሹራብ እንደለበሰች ነው የወጣችው። እልኸኛ ናት። በሩን ከፈተች። ሞገስ ቆሟል። ጺሙ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፤ ዓይኖቹ ያው ናቸው። ክንዱን ተደግፈው የቆሙት ግን ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ የሳቡ አሮጊት ናቸው፤ እማማ ፈንታነሽ። ትዝታ ከሁለቱ ኋላ መንገዱን ቃኘች። ሦስተኛ ሰው የለም።

«ደህና ነሽ፣ ትዝታ?» አለ ሞገስ።

«ደህና ነኝ። እማማ፣ እንደምን አደሩ?» ብላ ጎንበስ ስትል፣ አሮጊቷ ጉልበታቸውን ሊያሸሹባት ሞከሩ። ዓይኗንም አላዩም።

«ሙሽራይቱስ?» አለች ትዝታ።

«መኪናዋን እንሞክራት» አለ ሞገስ። «እማማን ገሳይ ቤታቸው እናድርሳቸው። የሚነገረው መንገድ ላይ ይነገራል።»

ትዝታ መሪውን ያዘች። እማማ ፈንታነሽ ለክብራቸው ከፊት፣ ሞገስ ከኋላ፣ ሰሟ ካለችበት በኩል ተቀመጠ። ከከተማው ወጥተው የጉና ተራራ ብርድ በመስኮቱ ሲገባ፣ ትዝታ እንደ ሻጭ ታወራ ጀመር። ፍሬኗ እንዲህ ነው፣ ዳገት ላይ እንዲህ ናት፣ አባቴ ዘይቷን አሳልፈው አያውቁም። ዝም ካለች የምትሰበር መሰላት።

«ማስታወቂያውን ሳነብ ድምፅሽን ሰማሁት» አለ ሞገስ። «ጭረቱን ያልደበቀ ሻጭ አንቺን ብቻ ነው ያየሁ።»

በስፖኪዮ አየችው። እሱም ሲያያት አገኘችው። ወዲያው ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች፤ መንገዱ ግን አልታይ አላት።

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«ሙሽራዋ ገና አልተጠየቀችም።»

«የመጀመሪያዋስ? ምን በደለችህ?»

«ምንም አልበደለችኝም። የበደልኋት እኔ ነኝ። አብሬያት ተቀምጬ አብሬያት አልነበርሁም። ሸኘችኝ፤ እውነቷን ነው።»

ያን ጊዜ እማማ ፈንታነሽ የመኪናውን በር ይዳብሱ ጀመር። «አቁሚልኝ፣ ልጀ።»

ትዝታ ልባቸውን ያጥወለወላቸው መስሏት መንገድ ዳር ያዘች። አሮጊቷ በትራቸውን ተደግፈው ወረዱ። የገብስ ማሳውን ወደሚከልለው ካብ ሄደው አንድ ድንጋይ መርጠው አነሱ። ከባድ ነው። ሞገስ ሊረዳቸው ሲጠጋ በዓይናቸው ገሠጹት። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አኖሩና ወገባቸውን አጥፈው፣ ፊታቸውን ወደ መሬት አድርገው ትዝታ ፊት ቆሙ።

«እማማ! ምን ሆኑብኝ? ኧረ ያውርዱት፣ በማርያም!»

«አላወርድም። አጥፍቻለሁ። ስሚኝ፣ ልጀ» አሉ። ድምፃቸው ከድንጋዩ ሥር ይወጣል። «ገሰሰ ሁለት ሚስት ነው ያገባ። ያንች ወገን ከፊተኛይቱ ነው፤ የዚህ ልጅ ወገን ከኋለኛይቱ። ሁለቱንም የገሰሰ ልጅ ብየ ቆጠርሁ፤ የሚጠሩት በሱ ስም ነዋ። ኋላ ጋይንት ለቅሶ ደርሸ የኋለኛይቱን ዘመዶች አገኘሁ። ‹ልጇን እኮ ገሰሰን ስታገባ አዝላው ነው የሄደች፤ የወለደው አባቱ እዚህ ነው የተቀበረ› አሉኝ። ለካ የእንጀራ ልጅ ኖሯል። ገሰሰ አሳደገው እንጅ አልወለደውም። አንዲት ጠብታ ደም አያገናኛችሁም፣ ልጀ። ዘመድ አይደላችሁም።»

ነፋሱ የገብሱን ማሳ አስተኝቶት አለፈ። ትዝታ ሞገስን አየችው። የሚያለቅሰው ሳይደበቅ ነው።

«መቼ ነው ይህን ያወቁ?» አለች። ድምፁ የራሷ አልመስል አላት።

«በተለያያችሁ በሁለተኛው ዓመት። ይህ ልጅ ገና ሌላ አላገባም ነበር። ያን ዕለቱን አባትሽ ዘንድ መጣሁ። ይሻው ሰምቶ ሲያበቃ እግሬ ላይ ወደቀ። ‹እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የቀረኝ ድምጿ ነው። ልጁ ወስዶ ኮምቦልቻ ሊያኖራት ነው። እስክሞት ዝም በይልኝ› ብሎ በመድኃኔ ዓለም አማለኝ። ማልሁለት። ይሻው ሲሞት ጊዜ ለዚህ ልጅ ነገርሁት። አባትሽ መኪናይቱን ለሙሽራ ሁሉ መስጠት የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። ‹የልጀን ሠርግ ሰርቄያለሁና የሰውን ልጅ ልዳር› ይለኝ ነበር።»

ትዝታ ፊቷን አዙራ በመንገዱ ላይ ጥቂት ሄደች። የአበባው ቅጠል ታወሳት። የተዘጋው በር ታወሳት። እዚያ ወንበር ላይ ብቻቸውን የሚቀመጡት ለዝናቸው አልነበረም! ሙት ወቃሽ አያርገኝ ይላል ሰው፤ እሷ ግን ወቀሰች። በጉና ፊት ለፊት ቆማ፣ ያለቀውን ወጣትነቷን፣ በሰው ሠርግ ያጨበጨበችውን እጇን፣ ወንድሜ ነው እያለች ለማፈን የታገለችውን ፍቅሯን እያሰበች አባቷን ከልቧ ወቀሰች። ቢመልሱላት ኖሮ በወደደች። ሙት ግን አይመልስም፤ ብርዱ ብቻ ፊቷን ገረፋት።

ስትመለስ እማማ ፈንታነሽ እንደታጠፉ ናቸው። ድንጋዩም ማጅራታቸው ላይ ነው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው በራሱ እጅ አያወርድም፤ የተበደለው ነው የሚያወርድለት።

«የይሻውንም ድርሻ ነው የተሸከምሁት» አሉ አሮጊቷ። «እሱ ከእንግዲህ አይችልም።»

የትዝታን ልብ የመታው ይህ ነው። የእማማን ድንጋይ ካወረደች የአባቷንም ማውረዷ ነው፤ ለይቶ ማውረድ የለም። ሬድዮዋን አሰበች። ባዶ ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ለመስማት ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ ዘንድሮ በራሷ አይታዋለች። አባቷ ያን ብርድ ፈርተው ነው። በፍርሃታቸው እሷን ጣሏት፤ ብርዱን አውርሰዋት ሄዱ። ይህን ማወቅ ቁጣዋን አላጠፋውም፤ ግን እጆቿን አንስታ ወደ ድንጋዩ ዘረጋች። ከብዷት ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘችው።

«ይቅር ለእግዜር» አለች። «ለሁለታችሁም።»

እማማ ፈንታነሽ ቀና ማለት አቅቷቸው እዚያው ተንበረከኩ። ትዝታ ድንጋዩን ካቡ ላይ መልሳ አቀፈቻቸው። ሁለቱም ሲያለቅሱ ሞገስ ቆቡን አውልቆ ራቅ ብሎ ቆመ።

በኋላ ወደ መኪናው ሲመለሱ ቀስ ብሎ አጠገቧ መጣ። «ለሠርግ ነው ስልሽ አልዋሸሁም» አለ። «ግን ዛሬ መልስ አልጠይቅሽም። ጎረምሳ ሆኜ የሄድሁ ሰው ሸብቼ ነው የመጣሁት። አንቺም ያቺ ልጅ አይደለሽም። አዲስ አበባ መሄድ ከፈለግሽ መኪናዋን እገዛታለሁ፤ ሻንጣሽንም ጭኜ አደርስሻለሁ። ይህን ሳታውቂው እንዳትሄጂ ብቻ ነው የፈለግሁ።»

ትዝታ የመኪናዋን ቁልፍ እጁ ላይ አኖረችለት። የፊቱ ወንበር የእማማ ነው። የኋላውን በር ከፍታ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ገብታ ተቀመጠች።

ሙሽሮቹ ሁሉ የሚያዩት ይህንን ነው ለካ። የሾፌሩ ትከሻ፣ ወደ ኋላ የሚሸሸው አገር፣ መስታወቱ ላይ የራስ ፊት። ነገር ግን እነዚያ ሁሉ አጠገባቸው ሰው ነበራቸው። ከሷ አጠገብ ያለው ቦታ ሰፊና ቀዝቃዛ ነው። አባቷ ከየሠርጉ በኋላ የተቀመጡት እዚህ ይሆናል፤ እንዲህ ብቻቸውን። በጣቷ ሰሟን ፈልጋ አገኘቻትና ሳትለቃት ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ ለሳቸውም ለራሷም።

ስልኳ ጮኸ። «እኅቴ፣ መርቸዲሷ አለች እንዴ? እኔ ደላላ አይደለሁም!» አለ አንድ ደላላ።

«አትሸጥም» አለችና ስልኩን አጠፋችው።

ሞገስ ሰምቷል። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ወደ ኋላ ግን አልዞረም። ደመናው ከጉና እየወረደ ነው፤ ዝናብ ሳይቀድመው እማማን ቤት ለማግባት ፍጥነት ጨመረ።

«ሞገስ» አለች።

«አቤት።»

«ቀስ በል። አባቴ ሙሽራ ይዘው እንዲህ አይነዱም ነበር።»

በስፖኪዮው ውስጥ የሞገስን ዓይኖች እንባ ሞልቷቸው አየቻቸው። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ። ከኋላቸው አንድ አይሱዙ ጡሩምባውን እያንባረቀ አልፏቸው ሄደ፤ እነሱ ግን በእግረኛ እርምጃ ወደ ገሳይ መንገዱን ቀጠሉ።